ዝም ያለ ባንድ እንዴት ይነበባል?

(ለወጣት ሙዚቀኞች በአንድ ቤተ መጻሕፍት የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። መብራት ሳይሄድብን ቶሎ ብንጀምር ይሻላል።

ከራሴ ኃፍረት ልነሳ። ከዓመታት በፊት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ጋበዙኝ። ርዕሱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጀማሪዎች ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ዶክተር ሁ የሚባለውን የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ መግቢያ ሙዚቃ የደረሰችው ዴሊያ ደርቢሸር ናት» አልኩ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። አንድ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ደራሲው ሮን ግሬነር ነው። እሷ የሠራችው ሌላ ነገር ነው» አሉኝ። «ሌላው ነገር ምንድን ነው አባቴ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ደንግጬ ዘፈን አስገባሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ እሷ የተጻፈ ብዙ ነገር አገኘሁ። አንዷ ቀልድ በየቦታው አለች፤ ግሬነር የተሠራውን ሲሰማ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ፣ እሷም «አብዛኛውን» አለችው የምትባለዋ። ጥሩ ቀልድ ናት። ግን ሁሉም ጽሑፍ ያቺኑ ቀልድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ቃል ነው የሚነግረኝ። አሥር ሰው ያነበብኩ መስሎኝ አንድ ሰው አሥር ጊዜ አነበብኩ። አንዱ ከአንዱ ቀድቷላ!

የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ነው። ስለ ቀደምት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድኖች ማንበብ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ስለ ባንዱ ከተጻፈው ታሪክ አትጀምሩ። ታሪክ ይሆናል ተብሎ ካልተጻፈው ወረቀት ጀምሩ። የፕሮግራም መርሐ ግብር፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ፣ በሸክላው ሽፋን ጀርባ የተጻፈች ደቃቅ ፊደል። እነዚህን የጻፈ ሰው እናንተን ለማስደነቅ አላሰበም። ስለዚህ ለመዋሸትም ብዙ ምክንያት የለውም።

መጀመሪያ የዴሊያን ጉዳይ ልጨርስ።

ቢቢሲ በ1958 ለንደን፣ ማይዳ ቬል በሚባለው ስቱዲዮው ውስጥ ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ የሚባል ክፍል ከፈተ። ከመሥራቾቹ መካከል ዳፍኒ ኦራምና ዴዝመንድ ብሪስኮ ነበሩ። ሥራቸው ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ድራማ ድምፅ መፍጠር ነው። ኦራም ዓመት እንኳን ሳትሞላ ለቀቀች። ኬንት ገጠር ገብታ የራሷን ስቱዲዮ አቋቋመች። እዚያ በፊልም ላይ በሚሣል መስመር ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራች። ደርቢሸር የመጣችው ከእሷ በኋላ፣ በ1962 ነው።

ዶክተር ሁ በ1963 ሲጀምር ግሬነር ዜማውን በኖታ ጻፈ። ኖታውን ወደ ድምፅ የለወጠችው ደርቢሸር ናት፤ ረዳቷ ዲክ ሚልስ ነበር። እናንተ ላፕቶፕ ላይ በአንድ ጠቅታ የምትሠሩትን እሷ በምላጭ ነው የሠራችው። ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ፣ የላትም። አንድ ክር መትታ ትቀዳለች። ከላቦራቶሪ መሣሪያ የወጣ ጩኸት ትቀዳለች። ቴፑን አፍጥና ወይም አዘግይታ ድምፁን ወደ ተፈለገው ከፍታ ታመጣዋለች። ከዚያ እያንዳንዷን ኖታ በሴንቲሜትር ለክታ፣ ቆርጣ፣ በማጣበቂያ ትቀጥላለች። ባለ ብዙ ትራክ መቅጃ ስላልነበራቸው የተለያዩትን ቴፖች በአንድ ጊዜ አስነስተው አብረው ያስኬዷቸዋል። አንድ ቦታ አልገጥም ሲላቸው ቴፖቹን በረጅሙ ኮሪደር ላይ ዘርግተው ስህተቷን በዓይን ፈለጓት። ይህን ሚልስ ራሱ ተናግሮታል።

ታዲያ ደራሲው ማነው? ኖታውን የጻፈው ወይስ ድምፁን የፈጠረችው? እኔና ደዋዩ አዛውንት ሁለታችንም በግማሽ ልክ ነበርን።

ቢቢሲ ግን ለጥያቄው ቀላል መልስ ነበረው። በወርክሾፑ የሚሠራ ሰው ስሙ አይጠራም። የሚጠራው ክፍሉ ነው። ይህን ከማንም ትዝታ መስማት አያስፈልጋችሁም። ቢቢሲ ሬዲዮ ታይምስ የሚባለውን የፕሮግራም መጽሔቱን ከ1923 እስከ 2009 ያለውን ዝርዝር በኢንተርኔት አስቀምጦታል። ስሙ ጂኖም ነው፤ በነፃ ይከፈታል። የ1963ቱን ኅዳር ፈልጉ። የግሬነርን ስም ታገኛላችሁ። የወርክሾፑን ስም ታገኛላችሁ። የእሷ የለም። ግሬነር ክፍያውን ሊያካፍላት ፈልጎ እንደነበርና የመሥሪያ ቤቱ ደንብ እንዳልፈቀደ ተጽፏል። በድራማው ላይ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2013፣ በሃምሳኛ ዓመቱ ነው። እሷ በ2001 ሞታለች።

ያቺን ባዶ ቦታ ከመርሐ ግብሩ ላይ በገዛ ዓይኔ ሳይ፣ ከአሥሩ ጽሑፍ ያላገኘሁት ነገር ገባኝ። ስም አለመኖሩ ራሱ መረጃ ነው። «ለምን የለም?» ብላችሁ ስትጠይቁ ንባቡ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሉዊስ ኒበርን መጽሐፍ ብታነቡ ይጥማችኋል። በ2010 የወጣ የወርክሾፑ ታሪክ ነው፤ ሰውየው የቢቢሲን ማኅደር አገላብጦ ነው የጻፈው። መጀመሪያ እሱን ብታነቡት ግን ያንቀላፋችሁ ይሆናል። እኔ አንቀላፍቻለሁ፣ አልዋሽም።

ደርቢሸር ስትሞት ቤቷ ጣሪያ ሥር 267 ቴፕ ተገኘ። የተቀመጡት በካርቶን ውስጥ ነው። አሁን ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ናቸው። የኦራም ወረቀቶችና ቴፖች ደግሞ ለንደን፣ ጎልድስሚዝስ ኮሌጅ ይገኛሉ። እዚህ ሆነን ሄደን አናያቸውም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን የቤተ መዛግብት ዝርዝሩ ራሱ ይነበባል። የትኛው ቴፕ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ለየትኛው ድራማ እንደተሠራ። እኔ ዝርዝር ማንበብ እወዳለሁ። ባለቤቴ «የስልክ ማውጫ ታነባለህ» ትለኛለች።

አሁን ወደ ጀርመን እንሻገር። እዚህ ትንሽ እንቆያለን።

ክራፍትቨርክ የሚባል ባንድ አለ፤ ስሙ የኃይል ማመንጫ ማለት ነው። ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 ዱስልዶርፍ ውስጥ መሠረቱት። ስቱዲዮአቸው ክሊንግ ክላንግ ይባላል፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሚንትሮፕ መንገድ ላይ ነበር። በ1974 አውቶባን የተባለውን አልበም አወጡ። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ከ22 ደቂቃ በላይ ነው፤ አንድ የሸክላ ገጽ ሙሉ። አሳጥረውት በ1975 አሜሪካ ውስጥ ቢልቦርድ በሚባለው የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ 25ኛ ደረሰ። አልበሙ 5ኛ ወጣ። የጀርመንኛ ዘፈን፣ ስለ መኪና መንገድ፣ በማሽን! ከዚያ የ1977ቱ ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ፣ የ1978ቱ ሰው-ማሽን፣ የ1981ዱ የኮምፒዩተር ዓለም መጡ። በ1982 ኒው ዮርክ ውስጥ አፍሪካ ባምባታ የሚባለው ዲጄ ፕላኔት ሮክ የተባለውን ዘፈን ሲሠራ ዜማና ምት ከእነሱ ነው የወሰደው። ሂፕ ሆፕ የምትሠሩ ልጆች፣ አያታችሁ ዱስልዶርፍ ነው ብላችሁ አትሳሳቱም።

ችግሩ እነዚህ ሰዎች አይናገሩም። ቃለ መጠይቅ ብርቅ ነው። ስቱዲዮው ስልክ ነበረው፣ ነገር ግን የሚጮህ ደወል አልነበረውም ይባላል። በቀጠሮው ደቂቃ ከደወልክ ሁተር ያነሳዋል፤ አንድ ደቂቃ ካለፈህ አለቀ። እውነት ይሁን አይሁን ወሬው ራሱ ሰዎቹን ይገልጻቸዋል።

ባንድ ዝም ሲል ሌላ ሰው ይናገርለታል። ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ፓስካል ቡሲ በ1993 ጻፈ። እንግሊዛዊው ዴቪድ በክሊ በ2012 ጻፈ። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ኡቨ ሹተ በ2020 በእንግሊዝኛ አወጣ። ከሦስቱ አንድ ብቻ አንብብ ብትሉኝ ሹተን እላለሁ። ሰውየው የጀርመንን የድኅረ ጦርነት ታሪክ ያውቃል። ልጆቹ ለምን የአባቶቻቸውን ሙዚቃ እንዳልፈለጉ፣ ለምን የአሜሪካንም መቅዳት እንዳልፈለጉ ያስረዳል። በዘመኑ የነበሩ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሙዚቃ ጋዜጠኞችን ስታነቡ ግን ጥንቃቄ ይኑራችሁ። ስለ ጀርመኖች ሲጽፉ የጦርነቱ ጥላ አይለቃቸውም፤ ቀልዱ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ከዚያ የወጡት አባላት ጻፉ። ከበሮውን ይመታ የነበረው ቮልፍጋንግ ፍሉር በ1999 በጀርመንኛ ግለ ታሪኩን አወጣ። ሁተርና ሽናይደር ፍርድ ቤት ሄዱበት። ካርል ባርቶስ ደግሞ ቆየት ብሎ፣ በ2017 አወጣ፤ እንግሊዝኛው በ2022 ተከተለ። ባርቶስ በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሠለጠነ ሰው ነው። በኖታ ያስባል። የሰኞን ሥራ ከማክሰኞ ለይቶ ይነግራችኋል። ፍሉር ጨዋታ ያውቃል፤ ስለ ልብስ፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ሴት ልጅ ያወራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ አንድ ምሽት ሁለት ምሽት ይሆንባችኋል። ይህ እንደ ጉድለት አይታየኝም። የተጣሉ ወንድማማቾችን ለየብቻ ቡና ጋብዛችሁ እንደ መስማት ነው።

ግን እዚህም ላይ ወረቀቱን አትርሱ። በሰባዎቹ ዓመታት መድረክ ላይ በብረት ዘንግ የሚመቱት የኤሌክትሪክ ከበሮ ነበራቸው። ፍሉር በመጽሐፉ «የእኔ እጅ አለበት» ይላል። የፈጠራ ባለቤትነት ሰነዱ ላይ የተጻፉት ግን ሽናይደርና ሁተር ናቸው። ሰነዱ ማን ሐሳቡን እንዳመነጨ አይፈርድላችሁም። ማን ቢሮ ሄዶ እንዳስመዘገበ ግን ይነግራችኋል። ሥዕሉም አለው። መሣሪያ መሥራት ለሚወድ ልጅ ከግለ ታሪኩ በላይ ይጠቅመዋል።

ከሁሉም የምወደው ወረቀት የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አትሳቁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ክራፍትቨርክ በ1977 «ብረት በብረት ላይ» የሚል ርዕስ ያለው ሥራ አወጣ። በ1997 ሞዘስ ፔልሃም የሚባል የራፕ ፕሮዲውሰር ከዚያ ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል ምት ወሰደ። ሳብሪና ዜትሉር ለምትባል ዘፋኝ ዘፈን ውስጥ እየደጋገመ ተጠቀመበት። ሁለት ሰከንድ! ሁተርና ሽናይደር ከሰሱ። ጉዳዩ በ2008 የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አየው። በ2019 ሉክሰምበርግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ቀረበ። እዚያም አልቆመም፤ ክርክሩ ቀጠለ። ሁለት ሰከንድ ምት ከሃያ ዓመት በላይ አከራከረ። የእኛ አገር የድንበር ክርክር አስታወሰኝ።

ይህ ለምን የንባብ ምንጭ ይሆናል? ዳኛ ነገሩን ከሥር ጀምሮ መተረክ አለበት። ማን፣ መቼ፣ ምን ቀዳ፣ በምን መንገድ። ሳምፕል (ከሌላ ቅጂ ተቆርጦ የተወሰደ ድምፅ) ማለት ምን እንደሆነ ሙዚቃ ለማያውቅ ዳኛ ጭምር እንዲገባ ተደርጎ ተብራርቷል። ሁለቱም ወገን የየራሱን ክርክር በጽሑፍ አቅርቧል። ሃምሳ ዓመት ዝም ያለው ባንድ በጠበቃው በኩል ተናገረ ማለት ነው። የ2019ኙ ውሳኔ ደግሞ ለእናንተም ይጠቅማል። ያለ ፈቃድ የተወሰደ ቁራጭ አጭር ቢሆንም የአሳታሚውን መብት ይነካል፤ ተለውጦ በጆሮ የማይለይ ከሆነ ግን አይነካም ብሏል። ይህ የአውሮፓ ሕግ ነው፣ የእኛ አይደለም። ውሳኔው በኅብረቱ ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ በብዙ ቋንቋ በነፃ ይገኛል። ደረቅ ነው፤ ቡና ይዛችሁ ግቡ።

ስለ አፈላለጉ ጥቂት ልበል።

የባንዱን ስም ብቻ ከፈለጋችሁ እነዚያን አሥር የተቀዳዱ ጽሑፎች ነው የምታገኙት። የመሐንዲሱን ስም ፈልጉ። የክራፍትቨርክን የመጀመሪያ ሥራዎች የቀዳው ኮኒ ፕላንክ ይባላል። ስሙን ስትከተሉ ኖይ! እና ክላስተር የሚባሉ ባንዶች ጋ ትደርሳላችሁ። የኖይ! መሥራቾች ሚካኤል ሮተርና ክላውስ ዲንገር ራሳቸው በ1971 ክራፍትቨርክ ውስጥ የተጫወቱ ናቸው። የከተማውንም ስም ፈልጉ። ሩዲ ኤሽ የሚባል የዱስልዶርፍ ባስ ተጫዋች የከተማውን ሙዚቀኞች አነጋግሮ ንግግራቸውን ሳይነካካ በመጽሐፍ ደርድሮታል። እርስ በርሳቸው ሲቃረኑ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ደስ ይላል። ስለ ማሽኑ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ የትሬቨር ፒንችና የፍራንክ ትሮኮን መጽሐፍ ፈልጉ፤ በ2002 የወጣ የሙግ ሲንተሳይዘር ታሪክ ነው። ሻጩን ሳይቀር አነጋግረዋል።

መጽሐፍ ስትይዙ ከኋላ ጀምሩ። የምንጮች ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ወይም ሌሎች መጻሕፍት ብቻ ከሆኑ መልሱት። ደብዳቤ፣ ቴፕ፣ ቃለ መጠይቅ ካለበት አስቀሩት።

የጃፓኑን የሎው ማጂክ ኦርኬስትራም ልጨምር ነበር። በ1978 ቶኪዮ ውስጥ ሆሶኖ፣ ታካሃሺና ሳካሞቶ የመሠረቱት ነው። ሰፊው ጽሑፍ በጃፓንኛ ስለሆነ በትርጉም መሣሪያ እየተንገዳገዱ ማንበብ ነው። ሞክሬዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሲንተሳይዘሩ «ሆዱን አመመው» አለኝ። እዚያ ላይ ተውኩት።

ወደ እኛ ልምጣ። ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ ዲኤክስ 7 ነበር ያለው። ከዚያ በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አገኘው። በ2013 በሸክላ ታተመና ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። ስለዚህ ሥራ የምታነቡት አብዛኛው ነገር ከ2013 ወዲህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ታክሲው በሁሉም ውስጥ አለ። ያቺ የ«አብዛኛውን» ቀልድ ትዝ አለችኝ። ስለ ሙዚቃው ግን፣ አኮርዲዮን ከሙግ ጋር እንዴት እንደተጋቡ፣ ትዝታ በማሽን ምት ላይ ምን እንደሚሆን፣ በአማርኛ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ይናፍቀኛል። እናታችሁ ሣጥን ውስጥ የዚያን ዘመን ካሴት ካለ፣ ወረቀቱን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት። ማን ተጫወተ፣ የት ተቀዳ፣ ማን አከፋፈለ የምትለዋ መስመር እዚያ ላይ ናት።

እዚህ ላይ ነበር ያበቃሁት። ጥያቄ ክፍት ሲሆን ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ታዲያ የመጀመሪያው ማነው?» አለኝ።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ጥያቄ አልወደውም፤ መጻሕፍቱን ያበላሸው እሱ ነው። ግን ልጁ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። አንድ ሰው ልንገርህ አልኩት። ሐሊም ኤል ዳብህ ይባላል፤ ግብፃዊ ነው። በ1944 ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተዋሰ። ሴቶች ብቻ ወደሚታደሙበት የዛር ሥርዓት ተሸፋፍኖ ገባ ይባላል። ዝማሬውን ቀዳ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ማስተጋባቱን እየለዋወጠ፣ ገሚሱን እየቀነሰ፣ ሌላ ድምፅ አደረገው። ብዙ መጻሕፍት ይህን ዓይነት ሥራ የሚጀምሩት በ1948 ከፓሪሱ ፒየር ሼፈር ነው። ሐሊም አራት ዓመት ይቀድማል።

«ዛር?» አለ ልጁ። «የኛው ዛር?»

ስሙም ነገሩም ያው ነው፣ አልኩት። ደግሞ ሰውየው አዲስ አበባ ኖሯል። በስድሳዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታን በአንድ መድረክ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 የመሠረተው እሱ ነው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጁ ስልኩን አወጣና «የት ነው የማነበው?» አለኝ። ዴኒዝ ሲክሪስት የምትባል ሴት በ2003 የሕይወት ታሪኩን ጽፋለች አልኩት። ስሟን ፊደል በፊደል እየጠየቀኝ ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ከኋላ ልጀምር?» አለኝ።